ትሬሞሎው ዝም ሲል ዕቃ ከመቀየር በፊት፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቤት ውስጥ የተሠሩ ባለ ቲዩብ (የድሮ ሬዲዮ ውስጥ እንዳለው ያለ የመስታወት ማጉያ) የጊታር አምፖችን፣ ማለትም ድምፅ ማጉያዎችን፣ ስለመጠገን የሚያወራ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጉዳዩ ትሬሞሎ ነው፤ ድምፁን በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የአምፑ ክፍል። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ ነውና ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ። ግን ከሰጧቸው ምክሮች አብዛኞቹ አንባቢውን ለኪሳራ ይዳርጋሉ። አንዱ ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ለማታውቁት፣ የጽሑፉ ምክር ባጭሩ ይህ ነው። ትሬሞሎ ካልሠራ መጀመሪያ ቲዩቦቹን በሙሉ ቀይሩ። ካልሆነ ካፓሲተሮቹን (ቻርጅ የሚይዙትን ዕቃዎች) በማይክሮፋራድ ከፍ ባሉ ተኩ። ትሬሞሎው ከደከመ የኃይል ቲዩቦቹን ባያስ፣ ማለትም ጊታሩ ዝም ሲል በቲዩቡ ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚያልፍ የሚወስነውን ቮልት፣ ሞቅ አድርጉት (ኮረንቲው ይጨምር)። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከተሰማ የቲዩብ ባሕርይ ነውና ቻሉት። ኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ከሌላችሁ አትድከሙ። ሁሉም እምቢ ካለ ነቅላችሁ ጣሉትና ፔዳል (በጊታሩና በአምፑ መካከል የሚሰካ ትሬሞሎ) ግዙ። በመሃል ደግሞ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የካፓሲተሮቹን እግሮች በካቻቢቴ አጋጭታችሁ ባዶ አድርጉ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ከእሷ ልጀምር።

ስለ ካቻቢቴው

እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እንዲህ ባለ አምፕ ውስጥ ያሉት የፊልተር ካፓሲተሮች ከ300 እስከ 400 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይይዛሉ፤ ገመዱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ቻርጁ ይቆያል። አራት ባለ 20 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች በ400 ቮልት ሲሞሉ ከ6 ጁል በላይ ጉልበት አላቸው። በካቻቢቴ ሲያጋጯቸው ብልጭታው ብረቱን ይበላዋል፤ ካፓሲተሩንም ከውስጥ ይጎዳዋል። እጅ ከተንሸራተተ ደግሞ ኮረንቲው ሰውየውን ይይዘዋል።

ትክክለኛው መንገድ ከዚህ አይከብድም። ባለ 10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ውሰዱ፤ ጫፎቹን በደንብ ሸፍኑ። አንዱን ጫፍ በክሊፕ ሻሲው (የአምፑ የብረት ሣጥን) ላይ እሰሩ። ሌላውን በአንድ እጅ ብቻ ይዛችሁ የካፓሲተሩን ፖዘቲቭ እግር አስነኩ። ሌላው እጃችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁና በመልቲሜትር ለኩ። እያንዳንዱ ካፓሲተር ከ10 ቮልት በታች መውረዱን ሳታዩ ውስጡ እጅ አታስገቡ።

ሞተሩ ወይስ ክዳኑ?

የጽሑፉ ትልቁ ጉድለት የተናገረው ሳይሆን ያልጠየቀው ነው። ትሬሞሎ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ዝግ ያለ ሞገድ ይሠራል፤ ኦሲሌተሩ ማለት ነው። ሌላው ያንን ሞገድ ተቀብሎ የጊታሩን ድምፅ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወቱትን ቫይብራፎን በቅርብ ያየ ሰው ይህን ክፍፍል በዓይኑ አይቶታል። ሞተር አለ፤ ሞተሩ የሚያዞራቸው፣ የቱቦዎቹን አፍ የሚከፍቱና የሚዘጉ ክዳኖችም አሉ። ድምፁ መርገብገቡን ቢያቆም የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ ነው የቆመው ወይስ ክዳኖቹ ከሞተሩ ተላቀቁ የሚል ነው። አምፕም ላይ ጥያቄው ይኸው ነው። ይህን ሳይለዩ ዕቃ መቀየር በጭፍን መሄድ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ደግሞ በየአምፑ ይለያያል። የአሜሪካው አምፕ ሠሪ ፌንደር በ1955 እ.ኤ.አ. ትሬሞሉክስ የተባለውን አምፕ ካወጣ ወዲህ ብዙ መንገድ ተሞክሯል። ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሏቸው በአብዛኛው ሦስቱን ነው። ፕሪንስተን ሪቨርብ በተባለው የፌንደር አምፕ ሞገዱ የኃይል ቲዩቦቹን ባያስ ያወዛውዛል። በቫይብሮ ቻምፕ የአንዱ ፕሪአምፕ (የመጀመሪያው ማጉያ ክፍል) ቲዩብ ካቶድ ላይ ይገባል። ቲዩብ ሦስት ዋና እግሮች አሉት፦ ሲግናሉ የሚገባበት ግሪድ፣ ጎልቶ የሚወጣበት ፕሌት፣ ኤሌክትሮኖቹ የሚነሡበት ካቶድ። በዴሉክስ ሪቨርብና በትዊን ሪቨርብ ደግሞ ሞገዱ ትንሽ የኒዮን አምፖል ያበራል፣ ያጠፋል። አጠገቡ ብርሃን ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ የሚወርድ ዕቃ አለ፤ እሱ ድምፁን ወደ ግራውንድ ያፈሰዋል። ጽሑፉ ለሦስቱም አንድ መድኃኒት ነው የሚያዝዘው።

ጓደኛዬ የፕሪንስተንን ዓይነት አምፕ ሠርቶ ትሬሞሎው እምቢ አለው። ይህንኑ ጽሑፍ ተከትሎ ቲዩቦቹን ቀየረ፤ ካፓሲተሮቹንም ቀየረ። ወይ ፍንክች! ሻሲውን ገልብጠን የኦሲሌተሩን ፕሌት ስንለካ የመልቲሜትሩ ጠቋሚ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሞገዱ አለ ማለት ነው። እስከ ጥልቀት ማዞሪያው፣ ኢንቴንሲቲ እስከተባለው ድረስ ተከተልነው፤ አሁንም አለ። ከማዞሪያው አልፎ ወደ ኃይል ቲዩቦቹ በሚሄደው መስመር ላይ ግን ጠቋሚው ኔጌቲቭ 30 ቮልት አካባቢ ድርቅ ብሎ ቆመ። ችግሩ የባያሱ ፊልተር ካፓሲተር የተበየደበት ቦታ ነበር። ይህ ካፓሲተር መሆን ያለበት በባያስ ምንጩ በኩል፣ ከማዞሪያው በፊት ነው። እሱ የተበየደው ግን ከማዞሪያው በኋላ፣ ወደ ግሪዶቹ በሚሄደው መስመር ላይ ነው። የፊልተር ካፓሲተር ሥራው ውዝዋዜን መዋጥ ነው፤ የትሬሞሎውንም ሞገድ ዋጠው። ካፓሲተሩን ነቅለን ወደ ቦታው ስንመልሰው ትሬሞሎው በደንብ ሠራ። በዚህ አምፕ ላይ የተገዛው ዕቃ ሁሉ አላስፈላጊ ነበር።

ቲዩቦቹን በሙሉ መቀየር

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። በእርግጥ ቶሎ የሚያረጀው ቲዩብ ነው። ግን ኦሲሌተሩን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ቲዩብ ነው፤ ብዙ ጊዜ 12ኤኤክስ7። አምፑ ውስጥ ሌላ 12ኤኤክስ7 አይጠፋም። አምፑን አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ሁለቱን አቀያይሩ። ትሬሞሎው ከተነሣ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ገንዘብ አልወጣም። ስታቀያይሩ ግን በመስታወቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከእነዚህ ውስጥ ሪቨርብ (የድምፅ ማስተጋቢያ) ባላቸው አምፖች ሪቨርቡን የሚነዳው 12ኤቲ7 ነው፤ በመልክ አንድ ነው፣ የማጉላት አቅሙ ግን ያንሳል።

የማጉላት አቅሙ ለምን ወሳኝ ሆነ? ኦሲሌተሩ የሚሠራው የራሱን ውጤት ወደ ራሱ መልሶ ነው። ከፕሌቱ የወጣው ሲግናል በሦስት የካፓሲተርና የሬዚስተር ጥንዶች ያልፋል። እያንዳንዱ ጥንድ 60 ዲግሪ ያህል ያዞረዋል፤ ሦስቱ 180። ቲዩቡ ራሱ ደግሞ ሌላ 180 ይገለብጠዋል። ድምሩ 360 ስለሆነ ሲግናሉ ግሪዱ ላይ በተነሣበት አኳኋን ይደርሳል። ግን መንገድ ላይ ይደክማል። ሦስቱ ጥንዶች እኩል ከሆኑ 29 ጊዜ ያንሳል። ቲዩቡ ይህን ማካካስ ካልቻለ ሞገድ የለም።

ፕሌቱ ላይ 220 ኪሎኦም፣ ካቶዱ ላይ 2.7 ኪሎኦም ያለው 12ኤኤክስ7 በወረቀት ላይ 70 እጥፍ ያህል ያጎላል። ጥንዶቹ ራሳቸው ስለሚጫኑት በተግባር ከዚያ ይወርዳል፤ ቢሆንም ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ከካቶዱ ሬዚስተር ጎን ያለው 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጤነኛ ከሆነ ነው። ካፓሲተሩ ከደረቀ ማጉላቱ ወደ 40 ይወርዳል፤ ጭነቱ ሲጨመርበት ኦሲሌተሩ ወይ አይነሣም ወይ ተነሥቶ ይሞታል። ጽሑፉ ይህን ካፓሲተር ጨርሶ አላነሣውም። እኔ ከቲዩቡ ቀጥሎ የምጠረጥረው እሱን ነው።

አንድ ተንኮል ደግሞ አለ። ትሬሞሎ በ5 ኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ነገር ነው። ለጊታር ድምፅ የሚበቃ ትንሽ ካፓሲተር ካቶዱ ላይ ቢገባ እንደሌለ ይቆጠራል። 1 ማይክሮፋራድ የበየደ ሰው መልቲሜትሩ ካፓሲተሩን ጤነኛ ነው ሊለው ይችላል፤ ኦሲሌተሩ ግን አያውቀውም። ለመፈተን አምፑን አጥፉ፣ ቻርጁን አፍስሱ፣ ጥሩ 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ፖዘቲቩን ወደ ካቶድ አድርጋችሁ ከነባሩ ጎን በክሊፕ ያዙትና አብሩ።

ቲዩብ ከመክሰሳችሁ በፊት የሂተሩንም (ቲዩቡን ከውስጥ የሚያሞቀው ክር) ቮልት ለኩ። 6.3 ቮልት መሆን አለበት፤ ከ5.7 በታች ከወረደ አዲስ ቲዩብም ይደክማል። ይህ አገር ቤት ላለን ሰዎች ዋዛ ነገር አይደለም። አምፑ የተገጣጠመበት ኪት (የተዘጋጀ የዕቃ ስብስብ) ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ለ120 ቮልት ብቻ የተጠመጠመ ሊሆን ይችላል። በ220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በመቀነሻ ይሠራል። ማታ የሰፈሩ መብራት ሲደክም መቀነሻው የሚሰጠውም አብሮ ይወርዳል። ቀን የሚሠራ፣ ማታ የሚሞት ትሬሞሎ ካላችሁ መጀመሪያ እዚህ ለኩ።

ፉትስዊቹንም (በእግር የሚረገጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) እግረ መንገዳችሁን እዩት። በዴሉክስ ሪቨርብና በትዊን ሪቨርብ ዓይነት ዲዛይን ፉትስዊቹ ካልተሰካ ወይም መሰኪያው ወደ ግራውንድ ካልተያያዘ ትሬሞሎው አይነሣም። በሌሎች ዲዛይኖች ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ ገመዱ ውስጥ ሾርት ካለ ኦሲሌተሩ ይታፈናል።

ካፓሲተሩን ማሳደግ

ጸሐፊው ትልልቅ ካፓሲተር የሚያዝዙት ለማስተማመን ነው ይላሉ። እዚህ ቦታ ግን የካፓሲተሩ የማይክሮፋራድ ልክ ፍጥነቱ ማለት ነው። ሦስቱም ጥንዶች 1 ሜጋኦምና 0.01 ማይክሮፋራድ ቢሆኑ ሞገዱ 6.5 ኸርዝ አካባቢ ይሆናል። ካፓሲተሮቹን እጥፍ ብታደርጓቸው 3.25። ወደ 0.1 ብትወስዷቸው በአንድ ተኩል ሰከንድ አንዴ። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ትሬሞሎ የሞተ ይመስላል፤ ባለቤቱም እንደገና ዕቃ ፍለጋ ይወጣል።

ካፓሲተር ከተቀየረ በዚያው የማይክሮፋራድ ልክ፣ ቢያንስ ባለ 400 ቮልት ይሁን። ከመቀየሩ በፊት ግን መፍሰሱን ማወቅ ይቻላል። በግሪዱ በኩል ያለውን እግር ንቀሉ፣ አምፑን አብሩ፣ ከተነቀለው እግር እስከ ግራውንድ ያለውን ቮልት ለኩ። ቁጥሩ ወዲያው ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ጥቂት ቮልት ላይ ከቆመ ካፓሲተሩ ያፈስሳል።

ስለ ፍጥነት ማዞሪያው ጽሑፉ ዝም ነው ያለው። ፌንደሮቹ ላይ 3 ሜጋኦም፣ ሪቨርስ ኦዲዮ የሚባለው ዓይነት ነው። 1 ሜጋኦም ካስገባችሁ ዝግ ያለውን ትሬሞሎ አታገኙትም። መሃል ላይ ሠርቶ ጫፍ ላይ የሚሞት ከሆነ ግን ማዞሪያውን አትክሰሱ። ማዞሪያው ሲዞር ኦሲሌተሩ የሚፈልገው ማጉላትም አብሮ ይለዋወጣል። ጫፍ ላይ መሞቱ ቲዩቡ ወይም የካቶዱ ካፓሲተር ዳር ላይ መሆኑን ነው የሚነግራችሁ።

ባያሱን ማሞቅ

ከካቻቢቴው ቀጥሎ ያሳሰበኝ ይህ ምክር ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ባያስ የሚያወዛውዝ ትሬሞሎ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው የኃይል ቲዩቡን ወደ መዘጋት እየገፋ ነው። ባያሱ በሞቀ ቁጥር ቲዩቡ ከመዘጊያው ይርቃል፤ ያው ሞገድ አይደርስበትም። ስለዚህ ትሬሞሎው ይባስ ይደክማል። ቲዩቡም ይጎዳል። 6ቪ6 ፕሌቱ ላይ የሚችለው 12 ዋት ነው። በ400 ቮልት ይህ 30 ሚሊአምፐር ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ፕሌቱ መቅላት ይጀምራል። 21 ሚሊአምፐር አካባቢ፣ የአቅሙ 70 በመቶ ላይ መሆን ጤነኛ ነው። ባያስ ስታስተካክሉ የጥልቀት ማዞሪያው ዜሮ ላይ ይሁን፤ አለዚያ የምታነቡት ቁጥር አይቆምላችሁም።

ታዲያ የደከመ ትሬሞሎ ምክንያቱ ምንድን ነው? ቤት ውስጥ በተሠራ አምፕ ላይ አንዱ የማዞሪያው የኪሎኦም ልክ ነው። ኢንቴንሲቲ የሚል ስም ያላቸው ሁለት የተለያዩ ማዞሪያዎች አሉ። የኒዮን አምፖል ያለው ዲዛይን 50 ኪሎኦም ይፈልጋል። ፕሪንስተኑ ግን 250 ኪሎኦም። ሞገዱን የሚያሻግረው 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ5 ኸርዝ ወደ 318 ኪሎኦም ያህል ይገታል። 250 ኪሎኦም ላይ ከሞገዱ 60 በመቶ በላይ ይደርሳል። 50 ኪሎኦም ላይ ግን 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትክክለኛውን ማዞሪያ ማስገባት ባያሱን ከማሞቅ የተሻለና ርካሽ ነው።

ያንን የማሻገሪያ ካፓሲተር በተለይ በደንብ ፈትሹት። አንድ እግሩ ፖዘቲቭ 200 ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ወደ ኔጌቲቩ ባያስ ይሄዳል። ማፍሰስ ከጀመረ የባያሱን ኔጌቲቭ ቮልት ይበላዋል፤ የኃይል ቲዩቦቹም ይቀላሉ። ትሬሞሎ ያለው አምፕ ሲቀላ ብዙዎች የኃይል ቲዩቡን ነው የሚከሱት። ጥንድ ቲዩብ ከማቃጠላችሁ በፊት የዚህን ካፓሲተር አንድ እግር ንቀሉና ባያሱ ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነ ተመልከቱ።

ጠቅ ጠቁን መቻል

አትቻሉት። የሚመጣበት ቦታ አለው፤ ይገኛልም። ድምፅ ማዞሪያውን ዜሮ አድርጉና ስሙ። ጠቅታው ከጠፋ የሚገባው ከማዞሪያው በፊት ነው፤ ካልጠፋ በኋላ። ከዚያ በደረቅ እንጨት የኦሲሌተሩን ሽቦዎች አንድ በአንድ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ፤ ብረት አትጠቀሙ። አንዷን ሽቦ ስትገፉ ጠቅታው ሲለወጥ ትሰሙታላችሁ። ብዙ ጊዜ ወደ ፍጥነት ማዞሪያው የሚሄዱት ሽቦዎች ናቸው፣ በፕሪአምፕ ግሪድ አጠገብ ያለፉት። አሳጥሯቸው፣ ከሻሲው ጥግ አስጠጓቸው። የኦሲሌተሩ ግራውንድም ከፕሪአምፑ ግራውንድ ጋር አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ ለዩት።

ኒዮን አምፖል ባለበት ዲዛይን ጠቅታው የሚመጣው አምፖሉ ድንገት ሲበራና ሲጠፋ ነው። በዚህ የትሬሞሎ ክፍል ውስጥ ካለው 10 ሜጋኦም ሬዚስተር ጎን 0.01 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መጨመር የታወቀ መፍትሔ ነው።

ከጠቅታ የተለየ፣ እንደ ከበሮ ድም ድም የሚል ድምፅም አለ። እሱ ባያስ በሚያወዛውዘው ዓይነት ላይ ይመጣል። ሞገዱ ሁለቱም የኃይል ቲዩቦች ላይ እኩል ስለሚገባ በውፅዓት ትራንስፎርመሩ ውስጥ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቲዩቦቹ እኩል ካልሆኑ ትርፉ ስፒከሩ ላይ ይወጣል። በመልክ ሳይሆን በልኬት የሚመሳሰሉ ጥንድ ቲዩቦች ያስፈልጋሉ። ቲዩብ መግዛት ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኦሲሎስኮፕ የግድ ነው?

አይደለም። መርካቶ በርካሽ የሚገኘው አሮጌ ባለ ጠቋሚ መልቲሜትር ለዚህ ሥራ ከዲጂታሉ ይሻላል። ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉ፣ መልቲሜትሩን 250 ወይም 500 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉ፣ ፕሌቱን ንኩ። ቮልቱ ከፍ ካለ ትልቁን ምረጡ። ጠቋሚው ከተወዛወዘ ኦሲሌተሩ ሕያው ነው። ዲጂታሉ ላይ ቁጥሩ እየዘለለ አልረጋ ይላል፤ እሱም ምልክት ነው። ዲጂታሉን ግን ኤሲ ላይ አድርጋችሁ አትመኑት፤ ብዙዎቹ ለእንዲህ ያለ ዝግ ያለ ሞገድ አልተሠሩም።

ጠቋሚው ከቆመ ሦስት ቦታ ለኩ። ፕሌቱ ከምንጩ ጋር እኩል ከሆነና ካቶዱ ዜሮ ከሆነ በቲዩቡ ውስጥ ምንም አያልፍም፤ ቲዩቡን፣ ሶኬቱን፣ የካቶዱን ብየዳ እዩ። ካቶዱ 1 ወይም 2 ቮልት ካሳየና ፕሌቱ ከምንጩ ደህና አድርጎ ከወረደ ቲዩቡ ይሠራል፤ ችግሩ በመመለሻው መንገድ ወይም በማጉላቱ ላይ ነው። ግሪዱ ፖዘቲቭ ቮልት ካሳየ የሚያፈስ ካፓሲተር አለ።

አንድ ሌላ ምልክት ደግሞ አለ፤ ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው እንኳ ሊያልፈው ይችላል። አምፑን አጥፍታችሁ ስታበሩት ጠቋሚው ጥቂት ጊዜ ተወዛውዞ፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ከቆመ፣ መንገዱ ሙሉ ነው ማለት ነው። የጎደለው ትንሽ ማጉላት ነው። እንዲህ ካያችሁ ሽቦ መፍታት አያስፈልግም፤ ቲዩቡንና የካቶዱን ካፓሲተር ብቻ ሞክሩ።

ነቅሎ ፔዳል መግዛት

ፔዳል መጥፎ ነው አልልም። ግን የሚተካው ሌላ ነገር ነው። ፔዳሉ ከአምፑ በፊት ነው የሚቆመው። ጊታሩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ አምፑ ጮክ ብሎ ሲሠራ ያንን ልዩነት መልሶ ይጨፈልቀዋል። የፕሪንስተኑ ትሬሞሎ የሚሠራው በመጨረሻው የኃይል ክፍል ላይ ነው፤ የዴሉክስ ሪቨርቡም ሪቨርቡ ከገባ በኋላ። ስለዚህ የሪቨርቡ ጭራ ራሱ አብሮ ይርገበገባል። በፔዳሉ ግን ጊታሩ ዝቅ ሲል ሪቨርቡ ክፍተቱን ሞልቶት ይቆያል። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የሰማ ሰው ያንን ክፍል ከሻሲው ነቅሎ ለመጣል እጁ አይታዘዝለትም።